ሥዕሎቼን ላቃጥላቸው ወይ?

ለዚህ ዓምድ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። ጸሐፊዋን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን አውጥቼ ፍሬ ነገሩን እንዲህ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ቀን ቀን ቢሮ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ እሥላለሁ። አብሮኝ ያደገው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በጦርነት ሞተ። ከዚያ ወዲህ እጄ ሌላ ነገር አልሥል አለ። በአንድ ትልቅ ሸራ ላይ እሱን ወድቆ ሣልኩት። ከኋላው እሳት ይነዳል፤ እናቱ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች፤ ከበላያቸው ነጭ ርግብ ትበራለች። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት። በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ጉድ ፈልቷል። አንዱ ‹የእኛን ሟቾች ለምን አልሣልሽም?› ይለኛል። ሌላው ‹በደማችን ላይክ ትሰበስቢያለሽ› ይላል። የቀረውን ስድብ አልነግርዎትም።

የማከብራቸው የሃይማኖት አባት አሉ። ሥዕሉን ወስጄ አሳየኋቸው። ‹ልጄ፣ ለሞተ ሰው የሚያስፈልገው ጸሎት ነው። ይህ ከንቱ ነገር ነው፤ ልብሽን ይሰርቀዋል› አሉኝ። ከጸሎት ይልቅ ከቀለም ጋር የማመሽ ሰው ነኝና ደነገጥኩ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ምን አደከመሽ?› ብሎ ኤአይ ላይ ‹በጦርነት የሞተ ወጣት፣ የምታለቅስ እናት› ብሎ ጻፈ። በአሥር ሰከንድ አራት ሥዕል አወጣለት። ከሁሉ ያመመኝ የኔን መምሰላቸው ነው።

ሌላ ትንሽ ሥዕልም አለችኝ። ለመጨረሻ ጊዜ እኔ ቤት የመጣ ቀን ሙቀት ነበርና ጃኬቱን ረስቶት ሄደ። እስካሁን ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ክርኑ ላይ የእጁን መታጠፍ እንደያዘ ነው። እሱን በእርሳስ ነድፌዋለሁ። ግን ይሄን ሥዕል ብዬ ለሰው ላሳይ አልደፈርኩም። ሁሉንም አቃጥያቸው ልረፍ ወይ? ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። ለአንቺም ለአክስትሽም መጽናናቱን ይስጣችሁ። በዕድሜ እበልጥሻለሁና አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ክብሪቱን አስቀምጪው። የቀረውን ምክሬን ብትረሺው እንኳ ይህቺን ያዢልኝ።

ስለ ማቃጠል ትንሽ አውቃለሁ። በ24 ዓመቴ የመንፈሳዊነት ትኩሳት ያዘኝ። መጻፍና መሣል ነፍሴን የሚያጠፏት መሰለኝ። ማንም ሳያዝዘኝ ግጥምና ንድፍ የሞላባቸውን ሦስት ደብተሮች ጓሮ አውጥቼ አነደድኳቸው። በግጥሞቹ አልቆጭም። እውነቱን ለመናገር እሳቱ ለአንባቢ ውለታ ነው የዋለው። ግን ከደብተሮቹ በአንዱ መሃል አንድ ገጽ ነበር። እናቴ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ። የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ። በአምስት ደቂቃ የሞነጫጨርኩት ነገር ነው። እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት። ፎቶዎቿ አሉኝ፤ በሁሉም ላይ ካሜራ ያስደነገጣት ሴትዮ ቀጥ ብላ ቆማለች። ክር የምታስገባዋ እናቴ ግን የትም የለችም።

ከእኔ ቀድሞ የተሳሳተም አለ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1868 የኢየሱሳውያንን (ጀስዊቶችን) የካቶሊክ ማኅበር ሊቀላቀል ሲል ግጥሞቹን አቃጠለ። ከሚገባበት ሕይወት ጋር አይሄዱም ብሎ ነው። ደግነቱ የአንዳንዶቹ ቅጂ ወዳጆቹ እጅ ነበር። ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል ግጥም አልጽፍም ብሎ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። በ1875 መጨረሻ ዶይችላንድ የምትባል መርከብ ከቴምዝ ወንዝ አፍ አጠገብ አሸዋ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ከሞቱት መካከል ከጀርመን የተሰደዱ አምስት ሴት መነኮሳት ነበሩ። የሆፕኪንስ አለቃ ዜናውን ሲሰሙ «አንድ ሰው ስለዚህ ነገር ግጥም ቢጽፍ» አሉ። ትእዛዝ እንኳ አልነበረም። ያቺ ቃል በቃችው። የጻፈውን ግጥም የማኅበሩ መጽሔት አላትምም ብሎ መለሰበት፤ እሱ ግን መጻፉን አላቆመም። በ1889 በ44 ዓመቱ ሞተ። ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት በ1918 ነው፤ ወዳጁ ሮበርት ብሪጅስ ነው ያሳተማቸው።

ይህን የማወራልሽ አንድ ቀን ትታወቂያለሽ ለማለት አይደለም። ምናልባት አትታወቂም። የነገሩ አካሄድ ነው የገረመኝ። በሩን የዘጋው ስለ እምነቱ ብሎ ነው። የከፈተለትም የእምነቱ አለቃ ናቸው። ያውም ስለ ጥበብ ትልቅ ንግግር አድርገው ሳይሆን በሰጠሙ አምስት ሴቶች ምክንያት።

አሁን ወደ አንቺ የሃይማኖት አባት ልምጣ። ሰውየውን አላውቃቸውም፤ ግን ከአነጋገራቸው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። «ልብሽን ይሰርቀዋል» ያሉሽ ሙሉ ለሙሉ ስሕተት አይደለም። «ከንቱ ነው» ባሉት ግን አልስማማም፤ የማልስማማውም ከራሳቸው መጽሐፍ ተነሥቼ ነው።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31ን ክፈቺ። እዚያ ላይ እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ሰው ነቢይ አይደለም፤ የጦር አለቃም አይደለም። ባስልኤል ነው። ወርቅና ብር የሚሠራ፣ ዕንቁ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ የእጅ ባለሙያ። መንፈስ የተሰጠው ለምን እንደሆነ ጭምር ተጽፏል፦ በጥበብ እንዲሠራ። ከዚያ ገጹን ግለጪ። ምዕራፍ 32 ላይ የወርቁ ጥጃ አለ። ጥጃው ከምን ተሠራ? ከጆሮ ጉትቻ። ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ማደሪያ ድንኳን ሥራ ስጦታ ሲያመጣ በስጦታው ውስጥ እንደገና ጉትቻ አለ። ወርቁ ያው ወርቅ ነው። የሚያቀልጠውም እሳት ያው እሳት ነው። አንዱ ጣዖት ሆነ፣ ሌላው የማደሪያው ዕቃ።

ስለዚህ ጥያቄው «ሥዕል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» አይመስለኝም። ስትሥዪ ስለ ማን ነው የምታስቢው? ስለ እሱ ነው ወይስ ሥዕሉን ስለሚያይ ሰው? ይህን ከአንቺ በቀር ማንም ሊመልሰው አይችልም። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ትንሽ የገባኝ ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ።

አንዳንዶች «ሥዕልም ጸሎት ነው» ብለው ያጽናኑሻል። እኔ አልልም። ጸሎት ጸሎት ነው፤ ሥዕል ሥዕል ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው አንዱን መተው ሲፈልግ ሰበብ አያጣም። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ጸልዪለት። ከዚያ ተነሺና ሣዪው። ሌላ ቀን ደግሞ ትንሿን ንድፍ ይዘሽ ወደ እኚህ አባት ተመለሺ። አትከራከሪያቸው። ዝም ብለሽ አሳዪያቸውና ፊታቸውን እዪ።

ወደ ስልክሽ ጉድ ልለፍ። «የእኛን ሟቾች ለምን አልሣልሽም?» ለሚለው መልስ የለብሽም። የሞተብሽ እሱ ነው። የምታውቂው የእሱን ሳቅ ነው። የማታውቂውን ሰው ሚዛን ለመጠበቅ ብለሽ ብትሥዪው ውሸት ይሆንብሻል፤ ያውቁብሻልም። ቢሆንም ጥያቄውን እንደ ስድብ ብቻ አትውሰጂው። ከዚያ ሁሉ ኮሜንት መካከል ተሳዳቢ ያልሆነ፣ በእውነት ወንድም ወይም ልጅ የሞተበት ሰው ሊኖር ይችላል። ካገኘሽው በውስጥ መስመር አንድ ነገር ብቻ ጻፊለት፦ «ማን ሞተብህ? ስሙ ማን ነበር?» ከመለሰልሽ አንብቢው። ካልመለሰም ተዪው። ከሌሎቹ ጋር ግን አፍ አትካፈቺ። በኮሜንት የበረደ ጦርነት እስካሁን አላየሁም።

ስለ ወገን ካነሣን አይቀር፣ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጎያ ትዝ ይለኛል። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1808 አገሩን ወረረ። ጎያ ከ1810 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በመዳብ ሰሌዳ ላይ ያንን ጦርነት ሲቀርጽ ኖረ። ሰሌዳዎቹ ከ80 በላይ ናቸው። በሁለተኛው ሰሌዳ ላይ የፈረንሳይ ወታደሮች ሳንጃ ደግነው፣ ስፔናውያኑ ባላቸው መሣሪያ ሲፋለሟቸው ይታያል። ሥሩ ላይ «በምክንያትም ይሁን ያለ ምክንያት» ብሎ ጽፎበታል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ስፔናዊው መጥረቢያ አንሥቶ በወደቀው ወታደር ላይ ሊያወርድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አጭር ነው፦ «ያው ነው»። የራሱ ወገን መሆኑን እያወቀ ነው እንዲህ ያለው። ወራሪውና የተወረረው አንድ ናቸው ማለቱ አይመስለኝም። ያ መጥረቢያ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ግን አልሸሸገም።

ጎያ በ1828 ሞተ። ሰሌዳዎቹ ታትመው ለሕዝብ የቀረቡት በ1863 ነው። ቁጠሪው፣ 35 ዓመት ከሞተ በኋላ። በዕድሜ ዘመኑ አላሳተማቸውም። ዛሬ እኛ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የምንለጥፈው። አንቺን ብቻ አይደለም የምወቅሰው፤ እኔም ይህን ዓምድ ጽፌ እንደጨረስኩ ስንት ሰው አነበበው ብዬ ስልኬን እነካካለሁ።

«በደማችን ላይክ ትሰበስቢያለሽ» የሚለውን ግን ቶሎ አትለፊው። የተናገረው ሰው ባለጌ ነው። ነገሩ ግን አንድ ጥያቄ አጫረብኝ። ከመለጠፍሽ በፊት አክስትሽ ሥዕሉን አይታዋለች? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። በሥዕሉ ላይ ያለችው እሷ ናት። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች ብለሻል። መርዶውን ስትሰማ እንደዚያ አድርጋ ነበር? ወይስ ተቀምጣ ወለሉን ነው ያየችው? ወይስ ምድጃው ላይ የጣደችውን አውርዳ ነው የተቀመጠችው? ብዙ እናቶች እጃቸውን አይዘረጉም። እጅ የሚዘረጉት ሥዕል ላይ ያሉት ናቸው። አንቺ የሣልሽው የማንንም እናት ነው፤ የለጠፍሽው ግን የአንዷን ልጅ ሞት ነው። ስለዚህ ለጊዜው አውርጂው። ተሳዳቢዎቹን ፈርተሽ እንዳይመስልሽ። እሷን ስላልጠየቅሻት ነው።

ጨከንኩብሽ መሰለኝ። ግን ለማጽናናት ብቻ ብጽፍልሽ አታምኚኝም ነበር።

ኬተ ኮልቪትዝ የምትባል ጀርመናዊት አርቲስት ነበረች። ሁለተኛ ልጇ ፒተር እ.ኤ.አ. በ1914 በ18 ዓመቱ ልዝመት አለ። ዕድሜው ስላልደረሰ የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባትየው እምቢ አለ። ባሏን ለምና ያስፈቀደችለት እሷ ናት። ልጁ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቤልጂየም ውስጥ ተገደለ። ይህን ይዞ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ልገምት አልሞክርም።

ወዲያው መታሰቢያ ልትሠራለት ተነሣች። መጀመሪያ ያሰበችው የተጋደመ ወጣት ነበር፤ ወላጆቹ በራስጌውና በግርጌው ሆነው። ሠራች፣ አልሆነላትም፣ በ1919 ተወችው። ከዓመታት በኋላ ተመለሰችበት። ድንጋዩ ተጠናቅቆ ልጁ የተቀበረበት መካነ መቃብር የቆመው በ1932 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት፤ ልጁ የኖረውን ዕድሜ ያህል። ዛሬ ሐውልቱ ቤልጂየም ውስጥ ቭላድስሎ በተባለው የጀርመን ወታደሮች መቃብር ይገኛል። በመጨረሻው ሥራ ላይ ልጁ የለም። አውጥታዋለች። ባንዲራ የለም፤ ጠመንጃም የለም። ሁለት ሰዎች ብቻ ተንበርክከዋል። አባትየው ራሱን በሁለት እጁ አጥብቆ አቅፎ ቀጥ ብሏል። እናትየው ጎንበስ ብላለች። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድንጋይ ላይ ናቸው፤ አይነካኩም። በአንድ ልጅ ሞት ባልና ሚስት እንኳ ለየብቻ እንደሚያዝኑ ያየ ሰው ያንን በመሃላቸው ያለ ክፍተት ያውቀዋል።

እዚያ ለመድረስ ነው አሥራ ስምንቱ ዓመት የሄደው። ሥራውን የጀመረችው በሞተው ልጅ ነው፤ የጨረሰችው በቀሩት ነው።

ይህ እንግዲህ የኤአዩንም ነገር አብሮ ይፈታዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባልደረባሽ ያወጣቸው አራት ሥዕሎች የአንቺን ስለመሰሉ አዝነሻል። ከአንቺ የቀዳ እንዳይመስልሽ። ሁለታችሁም ከአንድ ምንጭ ነው የቀዳችሁት። እሳት፣ የተዘረጋ እጅ፣ ነጭ ርግብ። ይህን ሁላችንም ሺህ ጊዜ አይተነዋል፤ እሱም አይቶታል። እንዲያውም በዚህ ነገር ከአንቺ እሱ ይፈጥናልና አትወዳደሪው። ባልደረባሽን አትቀየሚው። ብዙ ሰው ኀዘን ሲያይ እጁን የት እንደሚያደርግ ስለሚጠፋው ነው የሚቀልደው።

የርግቧ ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምር። የኖኅ ርግብ እንዳለች ሆና፣ ዛሬ በየፖስተሩ የምናያት የሰላም ርግብ የተስፋፋችው ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከሠራት ሕትመት በኋላ ነው፤ ፓሪስ ለተካሄደው የሰላም ጉባኤ ፖስተር ሆነች። ያቺ ርግብ ምልክት ከመሆኗ በፊት ርግብ ነበረች። ሠዓሊው ማቲስ የሰጠው እውነተኛ ወፍ። ፒካሶ ከፊቱ የነበረችውን ወፍ ሣለ፤ ምልክት ያደረጓት ሌሎች ናቸው። አንቺ ግን ከፖስተሩ ነው የጀመርሽው።

ከፖስተር ያልጀመርሽው አንድ ሥዕል አለሽ፤ እሱንም ሥዕል አይደለም ብለሽ ደብቀሽዋል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ትልቁ ሸራ በጻፍሽበት ቦታ ሟቹን አላየሁትም። «ክርኑ ላይ የእጁን መታጠፍ እንደያዘ ነው» ያልሽው ጋ ስደርስ ግን ልጁ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስሙን አላውቅም፤ መልኩን አላውቅም። ግን እጁን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው እንደነበር አወቅሁ። ቅድም «ስለ ማን ነው የምታስቢው?» ያልኩሽን አሁን ተመለሺበት። ሸራው ላይ ስለሚያይ ሰው አስበሻል። በጃኬቱ ጊዜ ግን ማንም አያይም ብለሽ ነበርና እሱን ብቻ ነው ያየሽው።

እንግዲህ ሥራ ልስጥሽ። ትልቁን ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አስቀምጪው። አታቃጥይው፤ አታስተካክይውም። ማታ ከቢሮ ስትመለሺ ስልክሽን ሌላ ክፍል ተዪው። ወንበር ስበሽ ከበሩ ጀርባ ፊት ለፊት ተቀመጪ። ጃኬቱን ደግመሽ ሣዪው። ሙሉውን አይደለም፤ ክርኑን ብቻ። ሌላ ቀን ኮሌታውን፤ አንገቱ የነካውን ቦታ። ሌላ ቀን ዚፑን ወይም ቁልፎቹን፤ የላላ ቁልፍ ካለ እሱን። ማታ በአምፖል፣ ቅዳሜ ጧት በቀን ብርሃን። ውብ ለማድረግ አትድከሚ። እንባ ከመጣ ይምጣ፤ ወረቀቱን ብቻ ራቅ አድርጊው። አንድ ሰዓት ሲሞላሽ ተነሺ።

ግን አትዘግዪ። ጨርቅ የሰው ቅርጽ ይዞ የሚቆየው ለጊዜው ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ቀስ በቀስ እጥፋቱን ይለቃል። አንድ ቀን ያ እጅጌ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ። አታጥቢው፤ አትተኩሺው።

አሥር ወይም አሥራ አምስት ያህል ሲሆኑልሽ ከመካከላቸው አንዱን ምረጪ። ወደ ስልክሽ አትውሰጂው። ተሸክመሽ አክስትሽ ቤት ሂጂ። ትልቁን ሸራ እንደለጠፍሽው፣ እሷን ሳትጠይቂ እንደሣልሻት ንገሪያት። ከሌላ ሰው ሰምታ ሊሆን ይችላል፤ ካንቺ ትስማው። ከዚያ ንድፉን እጇ ላይ አድርጊላት። ምንም አትበያት። ልታየው ካልፈለገች መልሰሽ ጠቅልዪው፤ ሌላ ቀን አለ። ይውጣ ካለች ይወጣል፤ አይውጣ ካለች አይወጣም። የሚወጣም ከሆነ ስሙ ይጻፍበት አይጻፍበት እሷ ትወስን።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል፤ ምናልባት ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነው። አክስትሽ ጃኬቱ አንቺ ጋ እንዳለ ታውቃለች?